ከባሕሩ አጠገብ ያልገዛነው ቤት

ዱባይ የሄድነው ቤት ልንገዛ አልነበረም። ባለቤቴ ዲላ ውስጥ ከአባቱ የወረሰው የሕንፃ መሣሪያ መደብር አለው፤ ቆርቆሮ፣ ሚስማር፣ ቀለምና የቧንቧ ዕቃ እንሸጣለን። በዚያን ጊዜ ከተማው ውስጥ ፎቅ የሚሠራ ሰው እየበዛ ስለመጣ የመታጠቢያ ቤት ዕቃ ራሳችን ከምንጩ ልናመጣ አሰብን። እኔ ከሐዋሳ አልፌ የማውቀው አዲስ አበባን ብቻ ነበር። ባለቤቴ፣ ቀለም የምትመርጪው አንቺ ነሽ ብሎ ይዞኝ ሄደ።

እዚያ የተቀበለን የባለቤቴ የትምህርት ቤት ጓደኛ ነው። ከዲላ ከወጣ ዓመታት አልፈውታል፤ ከአገር ቤት የሚመጡ ነጋዴዎችን ገበያ እያዞረ የሚተዳደር ደላላ ሆኗል። ዕቃችንን ገዝተን ከጨረስን በኋላ አንድ ሐሳብ አመጣ። ባሕሩ ዳርቻ ላይ አፓርታማ የሚሠራ አንድ ኩባንያ፣ ቤቶቹን ለሚጎበኙ ገዢዎች ጥሩ ሆቴል በነፃ ይሰጣል፤ ምሳም ይጋብዛል። እኛ ያደርንበት ማረፊያ ከገበያው በላይ ያለ፣ ኮሪደሩ በካርቶን የተሞላ ጠባብ ቤት ስለነበር ባለቤቴ ወዲያው ደስ አለው።

"ታዲያ ገዢ ነን ልንል ነው?" አልኩት ደላላውን።

"ልትገዙ የምትችሉ ሰዎች ናችሁ" አለኝ። "ይሄ ደግሞ ውሸት አይደለም።"

በማግስቱ ጠዋት ለሠርግ የማወጣውን ቀሚስ ለብሼ፣ ኩባንያው ካሳደረን ሆቴል ደጃፍ አውቶቡስ ውስጥ ገባሁ። አብረውን ሕንዶች፣ ነጮች፣ አንድ ሽማግሌ ናይጄሪያዊና ሚስቱ ነበሩ። የምታስጎበኘን ከየት አገር እንደሆነች ያልገባኝ ቀጭን ወጣት ነበረች፤ ለሁላችንም ቀዝቃዛ ውሃ አደለችና እኛ ጋ ስትደርስ ቁጭ ብላ ስለ ሥራችን ጠየቀች። ደላላው በእንግሊዝኛ ረዘም አድርጎ መለሰላት። ልጅቷ ፊቷ በራ። ምን ብሎ እንደነገራት ደላላውን ስጠይቀው፣ "የይርጋጨፌ ቡና ላኪዎች ናቸው አልኳት፤ እዚህ አገር የማያውቀው የለም" አለኝ።

እኛ ቡና እንደማንኛውም የከተማ ሰው ከገበያ ገዝተን ነው የምንጠጣው። ባለቤቴ ያርመዋል ብዬ ጠበቅሁ፤ አላረመውም። ልጅቷ ስለ እርሻው ስትጠይቀው መጀመሪያ ባጭር ባጭሩ መለሰ። እየቆየ ግን አንደበቱ ተፈታ። ስለ ሬኮ ኮረብታ፣ በእንሰትና በትልልቅ ዛፍ ጥላ ሥር ስለሚበቅለው ቡና፣ ቀዩ ፍሬ እንዴት እንደሚታጠብና በማድረቂያ አልጋ ላይ እንደሚሰጣ ነገራት። አገሩን ያውቀዋል፤ ቆርቆሮ የጫነ መኪና ተከትሎ ብዙ ጊዜ ወጥቶበታል። ያለው ሁሉ እውነት ነበር። ውሸቱ "የእኛ" የምትለው ቃል ብቻ ነበረች። ደላላው ይተረጉማል፣ ልጅቷ ራሷን ትነቀንቃለች፣ እኔ በመስኮት ወደ ውጭ አያለሁ።

መጀመሪያ የወሰዱን ገና ምንም ያልተሠራበት ቦታ ነው። አሸዋና ባሕር ብቻ። ቤቶቹ የነበሩት በመስታወት ሣጥን ውስጥ ነው፤ እንደ አሻንጉሊት የተሠሩ ፎቆች፣ ጥፍር የሚያክሉ መኪናዎች፣ ጥላ ሥር የተቀመጡ ትንንሽ ሰዎች። ሁለተኛው እስከ ግማሽ ድረስ የተሠራ ነበር። የብረት ቆብ አድርገን ስንገባ ግድግዳው ጥላ ሥር ምሳቸውን ይበሉ የነበሩ የቀን ሠራተኞች እኛን ሲያዩ ብድግ አሉ። ሳህናቸውን ይዘው እስክናልፍ ቆመው ጠበቁን። አገሬ ላይ ሰው ምግብ ላይ ሳለ አያቆሙትም፤ ተቀመጡ ልላቸው ፈልጌ በምን ቋንቋ እንደምላቸው ጠፋኝ።

ሦስተኛው ያለቀለት ቤት ነው። ሰው የማይኖርበት፣ ግን አልጋው የተነጠፈ፣ ጠረጴዛው ሳህን የተደረደረበት ቤት። የወጥ ቤቱ መሳቢያ ሲገፋ ራሱ ቀስ ብሎ ይዘጋል። ፖም አየሁና ስነካው ፕላስቲክ ሆነ። ባለቤቴ ደግሞ እዚያ ውስጥ ሌላ ሰው ሆነ። ቧንቧውን ከፍቶ ዘጋ፣ ግድግዳውን በጣቱ አንኳኳ፣ የበሩን ማጠፊያ ጎንበስ ብሎ አየ። ይህ የራሱ ሙያ ነው፤ ከጠዋት ጀምሮ የዋሸውን ሁሉ የረሳ መሰለኝ። በረንዳው ላይ ወጥተን ባሕሩን ስናይ እጄን ያዘ። ልጅቷ ፎቶ አነሳችን።

ከዚያ ሁላችንንም ወደ አንድ ሰፊ አዳራሽ አስገብተው በየጠረጴዛው አስቀመጡን። ስንተኛው ፎቅ ላይ እንደምንፈልግ ተጠየቅን። ባለቤቴ ከላይ ያለው ይሻላል አለ። በየትኛው በኩል? ባሕሩን በሚያየው በኩል። እንዲህ እያለ ቤቱን እየመረጠ ሳለ አንድ ሱፍ የለበሰ ሰው መጥቶ ተቀመጠና ቤቱ ለሌላ እንዳይሸጥ ዛሬውኑ ቀብድ መክፈል እንዳለብን አስረዳ። ደላላው ስልኩን መነካካት ጀመረ። ባለቤቴ ግንባሩ አላበው። ወደ እኔ ዞረና፣ "ይሄን የምትወስነው ባለቤቴ ናት" አለ።

ሁሉም እኔን አዩ። ያገኘሁትን ተናገርኩ፤ ባሕር እፈራለሁ አልኩ። ደላላው ተረጎመው። ሰውየው ሳቁን ዋጥ አድርጎ ተነሳና ወደ ናይጄሪያውያኑ ሄደ። አብራን የተቀመጠችው አስጎብኚ ልጅ አልሳቀችም። ወንበሯ ላይ ደገፍ አለችና በጠረጴዛው ሥር የአንድ እግሯን ጫማ አውልቃ ተረከዟን አሸች። ተልጦ ነበር። ቀኑን ሙሉ ለእኔ በር ስትከፍት፣ ደረጃ ስታወጣኝ፣ ውሃ ስታመጣልኝ የዋለችበት እግር ነው። ልንወጣ ስንል ፎቶአችንን በወፍራም ካርቶን ውስጥ አድርጋ ሰጠችኝ፤ ችግር የለውም እንደማለት ትከሻዬን ነካ አደረገችኝ። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

እዚያ ላይ ቢያበቃ ኖሮ የሁለታችን ሐፍረት ሆኖ ይቀር ነበር። ባለቤቴ ግን ዲላ ስንመለስ ፎቶውን ቴሌቪዥኑ አጠገብ አቆመው። እንኳን በሰላም መጣችሁ ሊሉን ከመጡት ጎረቤቶች አንዱ የት እንደሆነ ሲጠይቀው፣ ባሕር ዳርቻ ላይ ያየነው ቤት ነው አለ። ገዛችሁት? ተባለ። ባለቤቴ ፈገግ አለ። ሌላ ቃል አልተናገረም፤ ፈገግታው ግን በሳምንት ውስጥ ከዲላ ወጣ ብሎ ያለው ጪጩ ገበያ ደረሰ። ለቅሶ ቤት ስሄድ ከሽንኩርት ከታፊዎቹ መካከል እቀመጥ ለነበርኩት ለእኔ የእድሩ ሴቶች ወንበር አቀረቡልኝ። ለአንዷ አልገዛንም ብዬ በጆሮዋ ነገርኳት። "ደብቂ፣ እውነትሽን ነው፤ የሰው ዓይን መጥፎ ነው" አለችኝ። ለባለቤቴ ስነግረው፣ ሰው ራሱ ያወራውን እኛ ምን እናድርገው ብሎ አለፈው።

አንድ ቅዳሜ የጨለለቅቱ አካባቢ ሰው የሆኑ ሽማግሌ ወደ መደብሩ መጡ። ገና ሙሽራ ሳለሁ ጀምሮ የማውቃቸው ደንበኛችን ናቸው፤ ቡናው ጥሩ በሰጠ ዓመት ለቤታቸው ቆርቆሮ የወሰዱት ከእኛ ነው። በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ቡላ ይዘውልን መጥተዋል። ቡላ ከእንሰቱ የሚወጣው ምርጡ ነው፤ ለአራስና ለክብር እንግዳ እንጂ ለሱቅ ሰው አይመጣም። ባለቤቴ ወንበር ሰጣቸው።

"ልጄ ዱባይ ሊሄድ ነው" አሉ። በእኛ አገር አማርኛን ከጌዴኦኛ ቀጥሎ የተማሩት ትልልቅ ሰዎች ሴትና ወንድ ብዙ አይለዩም፤ የሚናገሩት ስለ ሴት ልጃቸው ነበር። ለቤት ሠራተኝነት ልትሄድ ነው። በአረብ አገር በቤት ሠራተኞች ላይ ይደርሳል ተብሎ የሚወራውን ግፍ ስለሰሙ ፈርተው ከልክለዋት ነበር። "እናንተ እዛ ቤት አላችሁ ሲሉኝ ልቤ ተመለሰ። ክፉ ቀን ቢመጣበት የሚገባበት አለ ማለት ነው።"

ባለቤቴን አየሁት። አሁን ይናገራል አልኩ።

"ምን ችግር አለ አባባ" አለ። "ቤታችን ቤቷ ነው።"

ሽማግሌው ተነስተው በሁለት እጃቸው እጁን ጨበጡ። ሲወጡ ቡላውን ይዤ ቆሜ ነበር። ለምን እንዲህ አልክ አልኩት። ደስ ብሏቸው ሄዱ፣ ምን ይጎዳቸዋል፣ ሺህ ሰው ሄዶ ሲመለስ አይደል እንዴ አለኝ። ልጅቷ ብትቸገር የማንን በር ታንኳኳለች? ስለው ሚስማር መመዘን ጀመረ። ቡላውን ልጆቼ ሲበሉ እኔ አልቀመስኩም። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን እሱ ሄዶ እንዲነግራቸው ጠበቅሁት። በመጨረሻ እኔ እሄዳለሁ አልኩት። አትሂጂ አላለኝም፣ ሂጂም አላለኝም።

ጨለለቅቱ በሚኒባስ ደርሼ ከዚያ ሞተር ተሳፈርኩ። ለሽማግሌው ብቻ ነግሬ ልመለስ ነበር ሐሳቤ። እሳቸው ግን እኔን ሲያዩ ጎረቤቱን ሁሉ ጠሩ። ቤቱ ሞላ። ሴት ልጃቸውን አስተዋወቁኝ፤ ስምንተኛ ክፍል የጨረሰች፣ ዓይኗን ከሰው ላይ የማትነቅል ልጅ ናት። ቀጥለው ሌሎች ሁለት ሴት ልጆችን ከነእናቶቻቸው አሳዩኝ። እነዚህም አብረው ሊሄዱ ነው፤ የእናንተን ቤት ሰምተው ነው አሉኝ። አንዷ እናት ተንበርክካ ጉልበቴን ልትስም ስትል ደንግጬ አነሳኋት።

ለብቻችን እንነጋገር አልኳቸው። ሁሉም ቤተሰብ ነው፣ እዚሁ ተናገሪ አሉኝ። ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብዬ በአማርኛ ነገርኳቸው። ቤት የለንም፤ ያየነው ለመጎብኘት ነው፤ ባለቤቴ ማለት ያልነበረበትን ነው ያለው። ሽማግሌው ወደ ሰዉ ዞረው በጌዴኦኛ ተናገሩ።

የተወለድኩት ዲላ ነው፤ የገበያ ጌዴኦኛ እሰማለሁ። "እነዚህ ሰዎች ቤቱን ሸጠውታል፣ በሱ አትተማመኑ፣ ይህን ልትነግረን ነው የመጣችው፣ እግዜር ይስጣት" ነው ያሉት። ከሐፍረት ሊሸፍኑኝ ፈልገው ነበር። እናቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡልኝ፤ ኪሳራ የደረሰብን መስሏቸው አዘኑልኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ የተመኘሁበት ቀን የለም። ጥያቄው የመጣው ከሽማግሌው ልጅ ነው።

"ሸጣችሁት ነው ወይስ ድሮም አልነበራችሁም?" አለችኝ ጥርት ባለ አማርኛ።

"ድሮም አልነበረንም" አልኩ። ከዚያም ሰው ሁሉ እንዲሰማ በተሰባበረ ጌዴኦኛዬ ደገምኩት።

አንዱ ሰው ተነስቶ ወጣ፤ ሌሎችም ተከተሉት። ሽማግሌው ግን ሞተሩ ድረስ ሸኙኝ፤ መንገዱ ጭቃ ነው ተጠንቀቂ አሉኝ።

ለባለቤቴ የሆነውን ሁሉ ነገርኩት። ፎቶውን ከቴሌቪዥኑ አጠገብ አንስቶ የት እንዳደረገው አላየሁም። ሽማግሌው ከወር በኋላ ሚስማር ሊገዙ ሲመጡ ወንበር አቀረበላቸውና ይቅርታ ሊጠይቅ ጉሮሮውን ጠራረገ። እሳቸው ግን ስለ ዝናቡ አወሩት፣ ቡናው ዘንድሮ ዘግይቷል አሉት፣ ሚስማራቸውን ይዘው ወጡ። "ዕድል አልሰጡኝም" አለኝ ባለቤቴ። ከዚያ በኋላ ሲመጡ ባየ ቁጥር ወደ መጋዘኑ ይገባል፤ የማስተናግዳቸው እኔ ነኝ።

ሌሎቹ ሁለቱ ልጆች ከጉዞው ቀሩ። የሽማግሌው ልጅ ሄደች። ዓመታት ቆይታ ተመልሳ ጨለለቅቱ ላይ የልብስ ሱቅ ከፈተች። ዲላ ለዕቃ ስትመጣ አልፎ አልፎ ትጠይቀኛለች። አንድ ቀን ሻይ እየጠጣን፣ የመጀመሪያዎቹ አሠሪዎቿ ክፉዎች እንደነበሩ አወራችልኝ። "የምገባበት ቤት እንደሌለኝ አውቄ ስለሄድኩ ቀድሜ መላ ፈልጌ ነበር" አለችኝ። ይህን ያለችው እውነቷን ይሁን ወይም እንደ አባቷ ልትሸፍነኝ፣ ደፍሬ አልጠየቅኋትም።