መቶ ዶሮ ካልሞላ

የዘውድነሽን ወገብ የሰበረው የእንጦጦ እንጨት ነው። ዕድሜዋን ሙሉ ባህር ዛፍ ተሸክማ ወደ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ስትወርድ ኖራ፣ ሐኪም ሁለተኛ ሸክም እንዳትነካ ሲከለክላት ፊቷን ወደ ዶሮ አዞረች። ከዚያ ወዲህ የሚያበሏት ዶሮዎቿ ናቸው። ፈንግል የሚሉት የዶሮ ወረርሽኝ በተወራ ቁጥር እንቅልፍ የምታጣውም እሷ ናት።

ክትባቱማ አለ። አለ የሚባለው ግን እንዲህ ነው፤ አንዱ ጠርሙስ ለመቶ ዶሮ የሚበቃ ሲሆን፣ ከተከፈተ በዕለቱ ካላለቀ ይደፋል። የእንስሳት ሐኪሙ ገረሱ ክፉ ሰው አይደለም፤ ለሃያ ዶሮ ግን ጠርሙስ አይከፍትም። መቶ ሲሞላ ይጥሩኝ ብሏታል። ሃምሳ ሎሚ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ያለው ሰው የፈረንሳይ ሰፈርን ዶሮ ሰብስቦ አያውቅም። አንዷ ጎረቤት፣ የተከተበች ዶሮ እንቁላል መጣል ታቆማለች ትላለች፤ ሌላው በሽታው ይምጣና ያኔ እናያለን ይላል። ይህን የሚለው ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እያለ ልጆቹን የሚመክር ሰው ነው። ዘውድነሽ ክረምቱን በሙሉ በዚያ ዳገት ከደጅ ደጅ ስትለምን ከረመች።

በመጨረሻ አንድ ቅዳሜ ግቢዋ በዶሮ ሞላ። ያም ሆኖ ጥቂት ይጎድላል፤ ገረሱም የበረዶ ሣጥኑን ሳይከፍት ሰዓቱን ያያል። ሊሄድ ሲነሣ ጎረቤቷ አስካለች ዶሮዎቿን በቅርጫት ይዛ ደረሰች። ዘውድነሽ የቅርጫቱን ነጠላ ገለጥ አድርጋ እጇን ሰደደች። አንዷ ዶሮ ላባዋን ነፍታ፣ አንገቷን ደፍታ ታተኩሳለች።

«ይቺ ምን ሆናለች?» አለቻት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«ከፍቷት ነው። መድኃኒት የሚሰጠው ለዚሁ አይደል እንዴ?»

ክትባት የታመመ እንደማያድን፣ የታመመች ዶሮም ከጤነኞቹ መሐል መግባት እንደሌለባት ገረሱ ለዘውድነሽ ደጋግሞ ነግሯታል። አስካለችን ብትመልሳት ግን ጠርሙሱም ይመለሳል። ነጠላውን መልሳ ሸፈነችና «ሞልቷል» አለችው። ገረሱ ቸኩሎ ስለነበር ከዶሮዋ ያየው የክትባቱን ጠብታ የሚያኖርበትን ዓይኗን ብቻ ነው።

ጠብታው እስኪሠራ ቀናት ይፈልጋል፤ በሽታው ቀደመው። መጀመሪያ የአስካለች፣ ከዚያ የዘውድነሽ፣ ከዚያ የሁሉም ዶሮዎች አንገታቸው እየተጠማዘዘ አለቁ። ሰፈሩ ግን ፈንግል ፈጀን አላለም፤ የዘውድነሽ ጠብታ ፈጀን አለ። ከሁሉ አብልጣ የጮኸችው አስካለች ናት። ዘውድነሽ አፏን ልታስይዛት ትችል ነበር፤ ነገር ግን ዶሮዋን ማን እንደሸፈናት አብሮ ሊወጣ ነው። ነገሩን ዋጥ አደረገችው።

ዶሮዎቿ ካለቁ በኋላ፣ ከእንጦጦ ራጉኤል በታች ባለው ቁልቁለት እንደገና እንጨቷን ተሸክማ ስትወርድ ያገኛት ገረሱ ነው። ደስ ብሎት ነበር።

«እትዬ ዘውድነሽ፣ ትንሹ ጠርሙስ መጣልን እኮ። ለአሥር ዶሮም ይከፈታል። ከእንግዲህ ማንንም መለመን የለብዎትም።»

ዘውድነሽ ሸክሟን አላወረደችም፤ ካወረደችው የሚያሸክማት የለም። እንደጎበጠች ቆማ አየችው። ተናደደች፤ በእሱ ይሁን በራሷ አላወቀችም።

«ያኔ ቢኖር ኖሮ ያቺን ዶሮ አልሸፍናትም ነበር» አለችው።

ገረሱ የትኛዋን ዶሮ ብሎ ጠየቃት። እሷ ግን መንገዷን ቀጥላ ነበር።