በርኖስ ውስጥ የነበረው ወረቀት

ለነፍስ አባቴ ስናዘዝ እንኳ ይቺን ዘልያታለሁ። ጾም መሻሬን ነግሬያቸዋለሁ፣ ሐሜቴን ነግሬያቸዋለሁ፤ ይቺ ግን ጉሮሮዬ ላይ ስትደርስ መልሼ እውጣታለሁ። እንግዲህ እናንተ ስሙኝ።

መንግሥት በተለወጠ በጥቂት ዓመታት፣ ሞላሌ ላይ የቪዲዮ ቤት አስተርጓሚ ነበርኩ። እንግሊዝኛዬ ከ«ኖ» እና ከ«ጎ» አያልፍም፤ ምላሴ ግን ሰባት አገር ታስተዳድራለች። አንድ ጠባቂ መሪውን ከነፍሰ ገዳይ ለማዳን የሚንከራተትበት ፊልም ነበረን። ከማሳየታችን ብዛት የሞላሌ በጎች ሳይቀሩ ገዳዩን ይለዩት ነበር። ገዳዩ በሕዝብ መሃል መጥቶ እጁን ካፖርቱ ውስጥ ሲሰድ፣ እኔ «ካፖርቱ ውስጥ ነው! ያዘው!» ብዬ እጮኻለሁ፤ ቤቱ በሙሉ ብድግ ይላል። የከተማው ሚሊሻ ግማሹ ይህቺን ጩኸት እንደ አባታችን ሆይ በቃሉ ያውቃታል።

መሬት ሊደለደል ነው በተባለ ሰሞን አንድ ትልቅ ባለሥልጣን መጣ። የጎረቤቴ የጋሽ ተሰማ የገብስ ማሳ ለሌላ ሊሰጥባቸው ነበርና አቤቱታቸውን በእጁ ሊያቀብሉት ተነሡ። ወረቀቱን በፌስታል ጠቅልለው በርኖሳቸው ሥር ደረታቸው ላይ ሸጎጡት። በምን አወቅህ ትሉኛላችሁ? የጻፍኩላቸው እኔ ነኛ!

ባለሥልጣኑ ንግግሩን ጨርሶ ወደ መኪናው ሲያመራ፣ ጋሽ ተሰማ ሰዉን ገፋ ገፋ አድርገው ቀረቡ። እጃቸውን በርኖሳቸው ውስጥ ሰደዱ። አንዱ ጓደኛዬ በክርኑ ጎሰም አደረገኝና «አንተ፣ ፊልማችን መጣች!» አለኝ። ያቺን ሳቅ ለማን ልተዋት?

«በርኖሱ ውስጥ ነው! ያዘው!»

ሦስት ሚሊሾች ተከመሩባቸው። ክንዳቸው ሲሰበር ድምፁን ሰማሁት። በዕድሜዬ ያላጋነንኩት ነገር ቢኖር ይኸው ነው። መኪናው አቧራውን አልብሶን ሄደ፤ ወረቀቱ በጫማ ተረገጠ። ጓደኞቼ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ሳቅሁ እኮ! «ኧረ ወረቀት ነው!» የምትል አንዲት ቃል አጣሁ? ሰባት አገር የምታስተዳድረው ምላስ የት ገባች? ምነው ያኔ በተቆረጠች!

በሳምንቱ ክንዳቸውን በነጠላ አንጠልጥለው ቤቴ መጡ። ማን እንደጮኸ አላዩም። «ልጄ፣ ያችን ወረቀት እስቲ ድገምና ጻፍልኝ፤ ያንተ ጽሕፈት ደኅና ነው» አሉኝ። ጻፍኩ። «እግዜር ያክብርህ፣ ክፉ አይንካህ» ብለው መረቁኝ። እኔ ውሻው፣ አፌን ሞልቼ አሜን አልኩ!

ሁለተኛዋን ወረቀት የሚቀበል አልተገኘም። ማሳው ተሸንሽኖ ሄደ። ጋሽ ተሰማ እስኪሞቱ ድረስ በዚያ ባለፉ ቁጥር ፊታቸውን ያዞሩ ነበር።

ልጅ ነበርኩ አልልም። ሚሊሾቹ ናቸው፣ ፊልሟ ናት አልልም። ወረቀት መሆኑን እያወቅሁ የጮኽሁት እኔ ነኝ። እናንተንም ይቅር በሉኝ አልልም፤ ክንዱ የእናንተ አይደለም፣ ማሳውም የእናንተ አልነበረም። ይቅር ሊሉኝ የሚችሉት ሰው ደጄ ድረስ መጥተው ነበር፤ እኔ ምርቃታቸውን ተቀብዬ ሸኘኋቸው።