የተፈወሰው ዳሌዬ

የመጀመሪያ ልጄን አርግዤ ሳለሁ ዳሌዬ ለቀቀ። ከአልጋ ስነሳ ግድግዳ እይዛለሁ፤ ከጋሪ ስወርድ ብሽሽቴን ይወጋኛል። አረማመዴ ሐይቅ ዳር የዓሣ አንጀት የሚጠብቀውን አባ ኮዳ የሚሉትን ትልቅ ወፍ መሰለ።

ያኔ አብራን ትኖር የነበረችው የባሌ ታላቅ እህት ግን አላመነችኝም። «እኔ አራቱንም አርግዤ ገበያ ቆሜ ነው የዋልኩት። ወንበር ስታይ ነው የሚያምሽ!» ትለኛለች።

አንድ ሐሙስ የቤተ ክርስቲያናችን ሴቶች ጸሎት ላይ ወሰደችኝ። ለፅንሱ ሊጸለይለት መስሎኝ ደስ ብሎኝ ሄድኩ። እሷ ተነስታ፣ «እህቶቼ፣ የወንድሜን ሚስት የስንፍና መንፈስ ይዟታል» አለች። ከበቡኝ። የሌሎቹ እጅ ትከሻዬ ላይ፣ የእሷ ወገቤ ላይ አረፈ። አረፈ ማለቴ ለወጉ ነው፤ ሊጥ የምታሽ ይመስል ተጫነችኝ። ዳሌዬ ቀጭ አለ፤ ጮኽኩ።

«ሃሌ ሉያ! ወጣ!» አለች።

እሑድ ደግሞ ምእመናን ፊት ቆማ መፈወሴን መሰከረች። ከዚያ ወዲያ ማነከስ የእግዚአብሔርን ሥራ መካድ ሆነብኝ። የጸሎቱ ሴቶች ከየበራቸው፣ «እንዴት ነሽ፣ የተፈወስሽው?» ይሉኛል፤ ቀጥ ብዬ፣ ፈገግ ብዬ አልፋለሁ። ጥጉን ስታጠፍ አጥር ይዤ አለቅሳለሁ። እስክወልድ ድረስ ሰው ፊት ወንበር አልተፈቀደልኝም።

ዘንድሮ የዚችው ሴትዮ ልጅ አርግዛ ዳሌዋን ያዛት። ጤና ጣቢያ፣ «በእርግዝና መገጣጠሚያ ይላላል፤ ብዙ አትቁሚ፤ ስትተኚ ጉልበቶችሽ መሀል ትራስ አድርጊ» አሏት። ልጠይቃት ብሄድ እናቷ የቤቱን ትራስ ሁሉ ሰብስባ ልጇን እንደ እንቁላል ደግፋታለች። ባጃጁም በር ድረስ ካልገባ ብላ ሹፌሩን ስትቆጣ ደረስኩ።

«እትዬ፣ ምን ያስጨንቅዎታል?» አልኳት። «ሐሙስ ጸሎቱ ላይ እንውሰዳታ። መንፈሱ ይሆናል።»

«የምን መንፈስ?» አለች ልጅቷ።

«አንቺ ዝም ብለሽ እረፊ!» አለች እናቷ። ፊቷ በርበሬ መሰለ። ከልጇ ጀርባ አንዱን ትራስ መዝዛ ወንበሩ ላይ አደረገችልኝ። «ተቀመጪ እስቲ አንቺም። ወገብሽን ያምሽ የለም?»

«ያምሽ የለም?» አለች፤ ከእነዚያ ሁሉ ዓመታት በኋላ፣ በገዛ አፏ፣ ምስክር ፊት። ትራሱን ተደግፌ እስኪመሽ ተቀመጥኩ። ይቅር ያልኳት ግን እንዳይመስላት።