ጋሽ አራጋው ያላጸዳው ፎቶ

ጋሽ አራጋው ሞተ አሉኝ። አላመንኩም።

ትናንት እኮ መናኸሪያው ፊት ለፊት ቆሞ አይቼዋለሁ። ሲያየኝ ፊቱን አዞረ፣ እኔም አዞርኩ። ሁሉም ነገር ደህና ነበር።

የቆቦ ልጆች ከጠዋት ጀምሮ "ደጉ ፎቶ አንሺያችን" እያላችሁ ፌስቡክ ላይ ስትለጥፉ እያየሁ ነው። ደግ አልነበረም። ሰው ሞተ ተብሎ አልዋሽም። አንቱ አለማለቴን ግን አትታዘቡኝ፤ "እርስዎ የሚለኝ ሰው ፎቶው አይጠራለትም" ብሎ የከለከለው ራሱ ነው።

ለማታውቁት፦ ጋሽ አራጋው ቆቦ ውስጥ ፎቶ ቤት ነበረው። እኔ ከደብረ ታቦር ተመድቤ የመጣሁ የፊዚክስ አስተማሪ ነኝ። ክፍል ውስጥ የሌንስን ጠባይ ሰሌዳ ሞልቼ አስረዳለሁ፤ ካሜራ ስይዝ ግን ግድግዳው ጠርቶ ሰውየው ይደበዝዛል። ቅዳሜ ቅዳሜ እንዲያስተምረኝ ለመንኩት። ደንበኛ ፊት አስተማረኝ፤ ማለትም ደንበኛ ፊት ሰደበኝ።

መጀመሪያ ያነሳሁትን ሙሽራ አይቶ "ቲቸር፣ የሚያገባው ግድግዳው ነው?" አለኝ። ሙሽራው ሳቀ። ሚዜዎቹ ሳቁ። እኔም ለወግ ያህል ሳቅኩ።

ትምህርቱ አጭር ነበር። ወደ አንተ ቀረብ ያለውን ዓይን ፈልግ። ቁልፉን ግማሽ ድረስ ተጫን፣ እንደያዝክ ቆይ፣ ትንፋሽህን ዋጥ፣ ከዚያ ጨርሰህ ተጫን። በመጨረሻ ያቺን ንግግሩን ይጨምርባታል፦ "ዓይኑን ያዝ፤ ሌላውን እናጸዳዋለን።"

ማጽዳት የሚለው ፎቶሾፑን ነው፤ እሱንም አሳይቶኛል። ኮምፒውተሩ ላይ ሲቀመጥ ሌላ ሰው ይሆናል። የራያ ፀሐይ ያጠቆረውን ያነጣል፣ የተሸበሸበውን ይተኩሳል፣ ጠባሳ ይነቅላል። አንድ የሮቢት ገበሬ የመታወቂያ ፎቶው ቀበሌ ላይ "ያንተ አይደለም" ተብሎ ተመለሰበት። ጋሽ አራጋው ፎቶውን አየ፣ ሰውየውን አየ፣ "ፎቶው ልክ ነው" አለ።

"ታዲያ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት?" አለ ገበሬው።

"እሱን እንግዲህ እዚያው ጠይቃቸው።"

ደግሞ ኮፒ አያስቀምጥም። ምንም ከመነካካትህ በፊት ዋናውን ለብቻው አስቀምጥ የሚለውን ኢንተርኔት ላይ አንብቤ ነገርኩት። "ኮፒ የፈሪ ነው" አለኝ። ዋናው ላይ ይሠራል፣ ዋናው ላይ ሴቭ ያደርጋል፣ ይነሳል።

እናቴ ልትጠይቀኝ የመጣች ጊዜ ፎቶ ቤቱ ወስጄ እኔው አነሳኋት። በዕድሜዋ ካሜራ ፊት የተቀመጠችው ያን ቀን ብቻ ነው። ቀረብ ያለውን ዓይኗን ያዝኩ። ሽፋሽፍቷ አንድ በአንድ ይታይ ነበር። ግንባሯ ላይ ያለው የመስቀል ንቅሳት፣ አንገቷን እንደ ድሪ የዞረው ንቅሳት፣ ሁሉም ቁልጭ ብሎ ወጣ። ጋሽ አራጋው ራሱ "አሁን ያዝክ" አለኝ።

ሰኞ ከትምህርት ቤት ስመለስ አጽድቷት ጠበቀኝ።

የአንገቷ ንቅሳት የለም። መስቀሉ የለም። ሽበቷም የለም። የካሜራውን ካርድ ደግሞ ለሌላ ሠርግ ብሎ አጥፍቶታል።

ንቅሳት መሆኑን አላወቀም እንዳትሉኝ። የገዛ እናቱም ነበራት። "ዘመኑ አይወደውማ" አለኝ፣ ምስጋና እየጠበቀ።

እማዬ ፎቶውን ተቀብላ ራቅ ቀረብ አድርጋ አየችው። "ይቺን ልታገባ ነው? ዘመዶቿን አጣርተሃል?" አለችኝ።

ያኔ ሳቅን። ከዓመት በኋላ ሞተች። ለቅሶው ድንኳን ውስጥ የተሰቀለው ይኸው ፎቶ ሆነ፤ ሌላ የለማ። አክስቴ ደረቷን እየመታች ገብታ ፎቶው ስር ስትደርስ ቀጥ አለች። "በማን ፎቶ ነው የምታስለቅሱኝ?" አለች።

ከዚያ ወዲህ ጋሽ አራጋውን ሰላም ብዬው አላውቅም። እሱም ይቅርታ ብሎኝ አያውቅም።

ዛሬ ጠዋት ሴት ልጁ ብርቄ ደወለች። "ቲቸር፣ አንተ ጋ የአባዬ ፎቶ አይጠፋም። እሱ ጋ ያሉትን አይቼ ጨረስኩ፤ አንዱም እሱን አይመስልም። ሁሉንም አጽድቷቸዋል።"

አንድ ፎቶ አለኝ። ስማር ጊዜ ፎቶ ቤቱ በር ላይ፣ በዚያ በቀትር ሙቀት ያነሳሁት ነው። ላቡ በጉንጩ ጠባሳ ላይ ይወርዳል፣ የፊት ጥርሱ አንዷ የለችም፣ ጺሙ አልተላጨም፣ በሰው ላይ እየሳቀ ነው። ዓይኑ ግን ጥርት ብሏል፤ ብሌኑ ውስጥ ካሜራ ላይ ያጎነበስኩት እኔ እታያለሁ። በሳምንቱ ሳሳየው "አጥፋው!" አለኝ። ካርዱ ላይ ያለውን እያየኝ አጠፋሁ። ኮፒው ቤት ነበር። ፈሪ ነኛ።

"ትንሽ አጽዳልን ደግሞ፤ እሱም እንዲያ ይወድ ነበር" አለች ብርቄ።

ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ፎቶው ከዚያ በፊት ታትሞ መድረስ አለበት። ኮምፒውተሬን ከፍቼ ጠባሳው ላይ ደረስኩ። እጄ ሥራውን ያውቃል፤ ያስተማረው እሱ ነው። አንድ ደቂቃ አይፈጅም። የእናቴን መስቀል ሲያጠፋም ከዚያ በላይ አልፈጀበትም።

ምንም ሳልነካ ዘጋሁትና ደወልኩላት።

"ብርቄ፣ አላጸዳሁትም።"

"ጠባሳውስ?"

"አለ።"

"ጥርሱስ?"

"የለችም።"

እያለቀሰች "እሱ ነዋ!" አለች። "በል እሱኑ ላከው።"

ጋሽ አራጋው፣ ይቅር አላልኩህም። የእማዬን ግንባር ሳትመልስልኝ ነው የሄድከው። እዚያ ፎቶ ላይ የሷ ሆነው የቀሩት ዓይኖቿ ብቻ ናቸው፤ እነሱን መያዝ ያስተማርከኝ አንተ መሆንህ ደግሞ እስካሁን ያናድደኛል።

ዛሬ ሰው የሚያለቅስልህ በገዛ ፊትህ ነው። ሂድ እንግዲህ። ዓይንህን ይዤዋለሁ፤ ሌላውን አላጸዳሁትም።