ጓሮ የማይባል መሬት

ተሻለች ኔዘርላንድ፣ ዴን ሃግ ከተማ ውስጥ ከቤት ቤት እየዞረች አረጋውያንን ትንከባከባለች። የራሷ አባት አቶ ማንደፍሮ ግን ሮተርዳም፣ አሳንሰር በሌለው ፎቅ ላይ ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። አምና በብርዱ ወራት ደረጃ ላይ ወድቀው ጉልበታቸው ከተጎዳ ወዲህ ከቤት መውጣት ተዉ።

መፍትሔው የታያት ከምትንከባከባቸው ከአንዲት ሴትዮ ጓሮ ውስጥ ነው። ልጆቻቸው ፋብሪካ ውስጥ ተሠርቶ በጭነት መኪና የሚመጣ ትንሽ ቤት አስቀምጠውላቸዋል፤ ደረጃ የለው፣ መታጠቢያው ከመኝታው አጠገብ። ቤተሰብ ቤተሰቡን ሲያስታምም እዚህ አገር ማንተልዞርኽ ይሉታል፤ ለዚያ ከሆነ ጓሮ ውስጥ እንዲህ ያለ ቤት ለማስቀመጥ ብዙ ጊዜ ፈቃድ አያስፈልግም።

የተሻለች ቤት የማዕዘን ቤት ነው። ከኋላ ያለችው መሬት መዳፍ አታክልም፤ ሰፊው በጎን ያለው ነው። ማዘጋጃ ቤት ስትደውል አንዱ ሠራተኛ "ጓሮ ከሆነ ይቻላል" አላት። በማግስቱ ሌላው ካርታ ከፍቶ "የጎኑ መሬት ከእግረኛ መንገድ ጋር ይዋሰናል፤ ጓሮ አይባልም" አላት።

"ታዲያ ምን ይባላል?"

"እሱን አላውቅም። ብቻ ማመልከት አለብዎት።"

ቤቱን አዝዛ አመለከተች። አቶ ማንደፍሮ እንክብካቤ የሚያስፈልጋቸው መሆኑን የምታጣራ ነርስ ሮተርዳም ተላከች። እሳቸው ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ከረባት አስረው ጠበቋት። የተሻለች ልጅ ትህትና አስተረጎመች።

"ብቻዎን ይታጠባሉ?"

"እንዴታ።"

"ደረጃውስ?"

"እንደ ፍየል ነው የምወጣው።"

ማመልከቻው ውድቅ ሆነ። ምክንያቱ ሁለት ነበር፤ እንክብካቤ እንደሚያስፈልጋቸው አልተረጋገጠም፣ ቦታውም ጓሮ አይደለም።

እዚሁ ተወልዳ ያደገችው ትህትና አንቱታ አይሆንላትም። "አያቴ፣ ለምን እውነቱን አልነገርካትም?" አለቻቸው።

"ለማላውቃት ሴት ስለ ገላዬ ላውራ?"

ተሻለች ንዴቷን ዋጥ አድርጋ አባቷን ወደ ራሷ ቤት አመጣች። አልጋቸውን ሳሎን ዘረጋች። የእሷም መታጠቢያ ቤት ፎቅ ላይ ስለሆነ ግን ምንም አልቀለለም። ይግባኝ አለች፤ ጉዳያቸው እንዲሰማም ማዘጋጃ ቤት ተጠሩ።

በቀጠሮው ቀን አቶ ማንደፍሮ ማንም ሳይጠይቃቸው ምርኩዛቸውን ይዘው ተነሡ።

"ነርሷን ዋሽቻታለሁ" አሉ። "ከወደቅሁ ጀምሮ መታጠቢያ ቤት ገብቼ አላውቅም፤ እፈራለሁ። በሳፋ ነው የምታጠበው። ልጄ ጀርባዬን ስታሸኝ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞራለሁ።"

ትህትና እንደምንም ተርጉማ ጨረሰች። ተሻለች ግድግዳውን ታውቀዋለች፤ አባቷ ይህን በሰው ፊት ያወጡታል ብላ ግን አላሰበችም።

የይግባኝ ሰሚው ጉባኤ ሰብሳቢ በለሰለሰ ድምፅ አመሰገነቻቸው። "እንክብካቤ እንደሚያስፈልግዎት አሁን አንጠራጠርም" አለች። "የቀረው የቦታው ጉዳይ ነው። ደንቡ መሬቱን እንጂ ሰውየውን አያይም።" ቆይቶ የመጣው ውሳኔም ይኸው ነበር።

በቀጠሮው ቀን ወደ ቤት ሲመለሱ፣ ትራም ውስጥ አቶ ማንደፍሮ "ነገሩ መሬቱ ከሆነ ገመናዬን ለምን አስወጡኝ?" አሉ።

"አባዬ፣ እኔም አላወቅሁም።"

እውነቷን ነበር፤ ያናደዳትም እሱ ነው። መሬቱ ጓሮ ካልተባለ ሌላው ሁሉ ከንቱ መሆኑን ከደወለችላቸው ሁሉ አንድም ሰው አስቀድሞ አልነገራትም።

ተሻለች ያዘዘችውን ቤት ሰረዘች። ምድር ቤት ያለችውን የዕቃ ማስቀመጫ አሳድሳ መታጠቢያ አደረገቻት፤ ለእሷ ፈቃድ የጠየቃት የለም። ጠባብ ናት፤ ክርን ከግድግዳ ጋር ይጋጫል። አቶ ማንደፍሮ ግን ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ በሩን ዘግተው ራሳቸው ይታጠባሉ። አልጋቸው ግን እንደ ሳሎን ዕቃ ሆኖ ቀረ። እንግዳ ሲመጣ ተኝተው ካልሆነ የተኙ መስለው ይጋደማሉ።

በበጋው ማብቂያ፣ ከመንገዱ ማዶ ያለው የማዕዘን ቤት ባለቤት በመኪና የሚጎተት ትልቅ ቤት፣ ካራቫን፣ አምጥቶ በራሱ የጎን መሬት ላይ አቆመ። ተሻለች ማዘጋጃ ቤት እንደገና ደወለች። ሠራተኛዋ ሰምታት ስታበቃ "ሰው እስካልኖረበት ድረስ ችግር የለውም" አለቻት።

ስልኩን ስትዘጋ አባቷ ከአልጋቸው ቀና ብለው "ምን አሉሽ?" ሲሉ ጠየቋት።

"ባዶ ከሆነ ይቻላል አሉ።"

አቶ ማንደፍሮ ካራቫኑን በመስኮት ጥቂት አዩት፤ ከዚያ መጋረጃውን እንድትዘጋላቸው ለመኗት።