ጋሽ ባንቲሁንና የተሸናፊ ሻይ

በሕይወት ሳለ ፊት ለፊት «ጋሼ» እና «እርስዎ» እለው ነበር፤ ከሞተ ወዲህ ግን አንቱታውን አንስቼበታለሁ። ባንቲሁን ጅቡቲ ከተማ፣ ካርቲየ 7 ቢስ በሚባለው ሠፈር ውስጥ ከእኛ ቤት ጋር በአንድ ቆርቆሮ ግድግዳ የሚዋሰን፣ ከባቡር ወርክሾፕ ጡረታ የወጣ፣ ሚስትም ልጅም የሌለው፣ አስተያየት ግን ጎድሎት የማያውቅ ሰው ነበር። ስለማያውቀው ነገር ሲናገር ድምፁ ከፍ ይላል። ስለሚያውቀው ሲናገርም ዝቅ አይልም።

ሳይንስ ለእሱ ከፈረንሳይኛው ሬዲዮ ግማሹን ሰምቶ ግማሹን ከራሱ የሚሞላው ነገር ነው። የቬንቲላተር ነፋስ መቅኒ ያደርቃል ብሎ ያምን ስለነበር በሐምሌ ሙቀት አልጋውን ደጅ አውጥቶ እርጥብ አንሶላ ተጠቅልሎ ይተኛ ነበር። ጠዋት እያስነጠሰ ይነሳና ጉንፋኑ ከእኛ ቬንቲላተር በግድግዳው በኩል እንደመጣ ይነግረናል።

ስለ ኅብረተሰብም የማይለው አልነበረም። «ጅቡቲ ጣቢያ ናት፤ ሰው ይሳፈርባታል እንጂ አይኖርባትም» ይላል፤ እሱ ራሱ ግን እዚሁ ተወልዶ፣ እዚሁ አርጅቶ፣ አንድ ቀን እንኳ ሻንጣ ሲያነሳ ያየው የለም። ከአገር ቤት መጥተው በሰው ቤት ተቀጥረው የሚሠሩትን የአገራችንን ልጆች ማዕከላዊ ገበያ መሐል አስቁሞ ስለ ቀሚሳቸው ርዝመት ይቆጣቸዋል። አንዷ «እርስዎ ነዎት እንዴ የሚያለብሱኝ?» ብትለው አንድ ሳምንት ሙሉ ስለ ዘመኑ ብልሹነት ሲያወራ ከረመ፤ እኔም በግድግዳው በኩል ሁሉንም ሰማሁ።

ሕግን በተመለከተ ደግሞ፣ የመንግሥትን ሕግ «የፈረንሳይ ትርፍራፊ» ብሎ ይንቀዋል። እሱ የሚያውቀው ሕግ አንድ ብቻ ነው፤ የእድራችን መተዳደሪያ ደንብ። የጥንት የባቡር ሠራተኞች የጻፉትን ያንን ደንብ እንደ ዳዊት በቃሉ ይወጣዋል። አንድ ጊዜ ሚኒባሱ ተበላሽቶበት ለቀብር ዘገየ። ማንም ልብ አላለውም። በሚቀጥለው ስብሰባ ግን ተነስቶ ራሱን ከሰሰና ቅጡኝ አለ። ሰዉ ሳቀ፤ እሱ ቅጣቱ እስኪወሰንበት ድረስ አልቀመጥም ብሎ ቆሞ ቀረ። እኔም ያን ጊዜ ከሳቁት ነበርኩ።

የጀርመኑ የዓለም ዋንጫ በተደረገበት ዓመት የፊት ክፍላችንን ጌም ቤት አደረግኩት። አባቴ ሞቷል፤ እናቴ አበዛሽ ኩላሊቷን ታማ አልጋ ከያዘች ቆይታለች። እሷን ጥዬ ሰው ቤት መሥራት ስለማልችል ሁለት ቴሌቪዥንና ሁለት ፕሌይስቴሽን ገዝቼ የሠፈሩን ጎረምሶች ኳስ ማጫወት ጀመርኩ። ሱማሌው፣ አፋሩ፣ የእኛው ልጅ፣ ሁሉም ይመጣል። ደንቡ የትም እንዳለ ጌም ቤት ነው፤ ያሸነፈ ወንበሩ ላይ ይቆያል፣ የተሸነፈ ይከፍላል።

ባንቲሁን የቀትር እንቅልፉ በ«ጎል» ጩኸት ሲቋረጥበት ሽርጡን እንዳገለደመ ገባ።

«ጸደንያ፣ ይሄ ነገር ጨረር አለው። የዓይንን ውኃ ያደርቅና ወደ አንጎል ይወጣል።»

«ማን አለ ጋሼ?»

«ሳይንስ ነዋ።»

«እርስዎ ቤት ያለው ቴሌቪዥንስ?»

«የኔ ዜና ነው የሚያሳየው።»

ልጆቹ ሳቁ። እሱ ግን ዓይኑ ሌላ ቦታ ነበር። አንዱ ልጅ ተሸንፎ ሲከፍልና ሌላው ሳይከፍል ሲቀር አየ።

«ያኛው ለምን አልከፈለም?»

«አሸንፎ ነዋ።»

ዝም አለ። ባንቲሁን ዝም ሲል አይቼው ስለማላውቅ መፍራት ነበረብኝ፤ እኔ ግን የተገላገልኩት መስሎኝ ሻይ ልጋብዝዎት አልኩት። ሳይጠጣ ወጣ።

በእድሩ ደንብ ውስጥ የቁማር ቤት የያዘ አባል ይሰረዛል የሚል አንቀጽ አለ። የጥንቶቹ የጻፉት በካርታ የሚፋጁትን ለመገሠጽ ነበር። ባንቲሁን ይህን አንቀጽ አንስቶ ከሰሰኝ፤ ተሸናፊ የሚከፍልበት ጨዋታ ሁሉ ቁማር ነው አለ። ነገሩን ለሰው ስነግረው ሰዉ ይስቅ ነበር። እናቴ ግን አልሳቀችም።

እዚህ አገር እኛ ክርስቲያኖቹ ጥቂት ነን። ሰው ሲሞት ድንኳን የሚተክለው፣ ወንበር የሚያመጣው፣ አስከሬን የሚሸከመው እድሩ ነው። እናቴ በጉልበቷ ዘመን ያልደረሰችበት ለቅሶ፣ ውኃ ያልቀዳችለት ድንኳን አልነበረም። ሐኪሙ ተስፋ እንደሌላት ነግሮናል። ሞቱን አትፈራውም፤ የምትፈራው ድንኳን ሳይተከልላት፣ ደጇ ባዶ ሆኖ መውጣትን ነው። አባልነታችን ከአባቴ ወደ እኔ የተላለፈ ስለሆነ እኔ ከተሰረዝኩ እሷም ትሰረዛለች። «ዝጊው በቃ» አለችኝ። ብዘጋው የሁለታችን ጉሮሮ ይዘጋል። ስለዚህ መከራከር ነበረብኝ፤ መከራከሪያም አገኘሁ።

ባንቲሁን ሁልጊዜ ከሰዓት ዙለይካ ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ከድሮ የባቡር ጓደኞቹ ጋር በቆርኪ ዳማ ይጫወታል። የተሸነፈ ሻይ ይከፍላል። ይህን ያላየ የሠፈራችን ሰው የለም።

ስብሰባው ዓርብ ረፋድ ላይ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ተደረገ። ዓርብ፣ ቀትር ላይ ጫቱ ከተማ ከመግባቱ በፊት ያላለቀ ስብሰባ አያልቅም፤ ግማሹ ሰው ከወዲሁ ሰዓቱን ያያል። የእድሩ ሰብሳቢ ደሳለኝ ክሱን አሰማና ምን ትያለሽ አለኝ።

«ጥፋተኛ ከሆንኩ ጋሽ ባንቲሁንም ጥፋተኛ ናቸው» አልኩ። «ዙለይካ ቤት ዳማ ተሸንፎ ሻይ የሚከፍለው ማን ነው? ወይ ሁለታችንንም ሰርዙን፣ ወይ ሁለታችንንም ተዉን።»

ግቢው ሳቅ በሳቅ ሆነ። ልቤ አረፈ። ባንቲሁንን ማን ይሰርዘዋል? ደንቡን በቃሉ የሚይዝላቸው፣ መቃብር የሚያስቆፍርላቸው እሱ ነው። ደሳለኝም እየሳቀ «እንግዲህ ነገሩን እንተወው» ብሎ ሊነሳ ሲል ባንቲሁን እጁን አወጣ።

«ልጅቷ ትክክል ናት» አለ።

«ጋሼ ይተዉት፣ ዳማ እኮ ነው» አለው ደሳለኝ።

«ተሸናፊ ይከፍላል?»

«ሻይ ነው እኮ።»

«ይከፍላል ወይስ አይከፍልም? ይከፍላል። አበቃ። ሰርዙን።»

ለመኑት። እኔም ለመንኩት፤ ጋሼ እናቴ አልጋ ላይ ናት አልኩት። ዓይኔን እያየ «ስለ እናትሽ አይደለም፣ ስለ ሕጉ ነው» አለኝ። ሰዉ ሰዓቱን ያያል። ከሳሹ ራሱን የከሰሰበትን ጉዳይ ማን ይመልሰዋል? እጅ ይውጣ ተባለ፤ እጅ ወጣ፤ ሁለታችንም ተሰረዝን። ሰው ተንኮለኛ ሲሆን ታውቀዋለህ፣ መንገድ ትቀይራለህ። እሱ ግን ተንኮል አልነበረበትም፤ ያ ነው ቆሽቴን ያሳረረው። ማታ እናቴ ምን ሆነ ብላ ስትጠይቀኝ ሌላ ቀን ተቀጠረ ብዬ ዋሸኋት። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ካምሲን የሚባለው ትኩስ የበረሃ ነፋስ መንፈስ በጀመረበት ሰሞን እናቴ አረፈች። ንጋት ላይ ጮኼ ደጅ ስወጣ ባንቲሁን ከእርጥብ አንሶላው ተነስቶ ቆሞ አገኘሁት። ጀርባውን ሰጥቶኝ ሄደ፤ ዓይንህን ለአፈር አልኩት በሆዴ። ፀሐይ ከመበርታቷ በፊት ግን ድሮ የዕቃ ፉርጎ ይሸፈንበት የነበረ ትልቅ ሸራ በጋሪ አስጭኖ መጣ። ከእኔ ጣሪያ እስከ እሱ ጣሪያ በደጃችን ላይ ወጠረው። የዳማ ጓደኞቹ የዙለይካን አግዳሚ ወንበሮች ተሸክመው መጡ። አስከሬኑን ጌም ቤቴ የሚውሉት ልጆች ተሸከሙት፤ እስላሞቹ እስከ መቃብሩ በር ደርሰው የእኛዎቹ ተቀበሏቸው። የእድሩ ሰዎችም አንድ በአንድ፣ እንዳፈሩ፣ መጥተው ሸራው ሥር ተቀመጡ። የእናቴ ደጅ ባዶ አልነበረም።

ላመሰግነው አፌን ከፈትኩ። እሱ ግን ለለቅሶ የመጡትን ሰብስቦ፣ ኩላሊት የሚበላሸው ቀዝቃዛ ውኃ ከጡት በላይ ሲጠራቀም እንደሆነ እያስረዳ ነበር። አፌን መልሼ ዘጋሁ።

ሰው ሁሉ ሲበተን ሸራውን ሊፈታ መሰላል ላይ ወጣ። እንዲያመው ብዬ ነው የጠየቅኩት።

«ጋሼ፣ እርስዎ ሲሞቱስ ማን ይቀብርዎታል?»

ገመዱን እየፈታ አሰበ። «አንቺ ነሻ» አለ።

«ምን በወጣኝ።»

«እድር ነን እኮ። እኔና አንቺ ተሰርዘናል፤ ሁለት ነን። ደንቡ እድር ለማቋቋም ስንት አባል ያስፈልጋል አይልም።»

ደሜ ፈላ። «እቀብርዎታለሁ» አልኩት። «አላለቅስልዎትም ግን።»

«ደንቡ ቅበሩ ይላል እንጂ አልቅሱ አይልም» አለና ሸራውን ማጠፍ ጀመረ።

ከዚያ በኋላ ለዓመታት በግድግዳው በኩል ተጨቃጨቅን። ስለ ጨረሩ፣ ስለ ጎሉ ጩኸት፣ ስለ ቬንቲላተሩ። ዳማውን ቀጠለ፤ ሻዩን ግን ያሸነፈም የተሸነፈም የየራሱን እንዲከፍል አደረገና ጓደኞቹን አስኮረፈ። አዲሱ ባቡር ሥራ በጀመረበት ዓመት፣ ዙለይካ በረንዳ ላይ ቆርኪዎቹ እንደተደረደሩ ወድቆ ሞተ። ያንኑ ሸራ ከጣሪያ ጣሪያ ወጠርኩለትና ቀበርኩት። ማልቀስ አለማልቀሴን ለማንም አልናገርም፤ ደንቡ ውስጥ የለም።

እነ ደሳለኝ አሁንም ጌም ቤቱን ዝጊና ተመለሺ ይሉኛል። አልመለስም። ሸራውን አጥፌ አልጋዬ ሥር አድርጌዋለሁ። ሁሉን ነገር አውቃለሁ ባይ፣ የሁለት ሰው እድር አቋቁሞ ቀድሞኝ ሄደ፤ የመጨረሻውን አባል ማን ይቀብራል የሚለውን ግን አላሰበበትም።