የኦርቪል ጆሮና የሊዮና መስኮት

ሊዮና ዶምብሮውስኪ በአሜሪካ፣ በዊስኮንሲን ወንዝ ዳር በነበረው ወረቀት ፋብሪካ፣ በሠራተኞች ጉዳይ ክፍል ሃያ ስድስት ዓመት ሠርታለች። ቢሮዋን ከሠራተኞቹ ምሳ ክፍል የሚለየው አንድ ተንሸራታች የመስታወት መስኮት ነበር። ዛሬ ጡረታ ወጥታ ስለ ፋብሪካው ስትጠየቅ መጀመሪያ ትዝ የሚላት፣ ከተማውን ሁሉ ያውድ የነበረው የተቀቀለ እንጨት ሽታ አይደለም። በዚያ መስኮት ብቅ ይሉ የነበሩት ፊቶች ናቸው።

ፊቶቹ የበዙት ፋብሪካው ለየሠራተኛው የሕክምና ወጪ መተኪያ ሂሳብ የከፈተ ዓመት ነው። ገንዘቡን የሚያስገባው ፋብሪካው ነው፤ ሠራተኛው ታክሞ ይከፍላል፣ ደረሰኙን ለሊዮና ይሰጣል፣ የከፈለው ይመለስለታል። ሊዮና ይህን አንድ ከሰዓት በኋላ አስረድታ የምትገላገል መስሏት ነበር። በማግስቱ አንዱ የዓሣ ማጥመጃ ቦት ጫማ ደረሰኝ ይዞ መጣ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለችው።

«ሐኪሙ ጭንቀት ቀንስ ብሎኛል።»

ያን ቀን ወፍራም እስክሪብቶ አንስታ ዝርዝሩን ወረቀት ላይ ጻፈችና መስኮቱ ላይ ለጠፈችው። መነጽር፣ የጥርስ ሙሌት፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ ክራንች፣ ሐኪም ያዘዘው መድኃኒት፣ ኢንሹራንሱ ሳይሸፍን የሚተወው የሐኪም ክፍያ፤ ይከፈላል። ጥርስ ማንጫ፣ ስፖርት ቤት፣ የፀጉር ማብቀያ ቅባት፤ አይከፈልም። ከሥሩም «ያልገባው ያንኳኳ» ብላ ጨመረች። ከዚያ በኋላ ወረቀቱን ያነበበ የለም፤ ሁሉም ዝም ብሎ ያንኳኳ ነበር። እሷም ታጉረመርማለች እንጂ ደስ ይላት ነበር። የማን ልጅ ጥርሱን በሽቦ እንዳሳሰረ፣ የማን ዓይን እየደከመ እንደሆነ የምታውቀው በዚያ ነው።

ኦርቪል ጉልሴት በየካቲት ወር አንኳኳ። ሦስተኛውን ማሽን ሠላሳ አራት ዓመት ያንቀሳቀሰ፣ መጋቢት ማለቂያ ላይ ጡረታ የሚወጣ ሰው ነበር። የሙቅ ውሃ ገንዳ ሥዕል ያለበት ወረቀት ዘረጋላት።

«ለወገቤ ነው» አለ።

«ኦርቪል፣ ይሄ አይከፈልም!» ሊዮና እሱን ስታናግር መጮህ ልማዷ ነበር።

«ስንት ይከፈላል?»

«አይከፈልም! የጆሮ መስሚያ ግን ይከፈላል! ከነባትሪው!»

«ጆሮዬ ምን ሆነና? በደንብ ነው የምሰማው።»

«እሺ፣ አሁን ምን አልኩህ?»

«ገንዳው ከነባትሪው ይከፈላል አልሽ።»

ምሳ ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ኦርቪል ዞር ብሎ የሚስቁትን አየና፣ ምን እንዳሳቃቸው ሳያውቅ አብሮ ሳቀ። ሊዮና ይህን ስታይ ሳቋ አፏ ላይ ቀረ።

በሳምንቱ ሚስቱ አርሊስ ቤተ ክርስቲያን የምትሄድበትን ካፖርት ለብሳ መጣች።

«የኔ እመቤት፣ ያ ነገር እውነት ነው? የጆሮው?»

«እውነት ነው። ግን ሥራ ሲለቅ በሂሳቡ የቀረው ገንዘብ ለፋብሪካው ይመለሳል። መጋቢት ሳያልቅ መግዛት አለበት።»

አርሊስ የእጅ ቦርሳዋን ጨበጥ ለቀቅ አደረገች። «ጆሮውን ማሽኑ ነው የበላው። ድሮ ማታ ማታ ወሬ እንጫወት ነበር እኮ። አሁን ለሱ ሁሉን ነገር ሁለቴ መናገር ሲሰለቸኝ፣ የዋልኩበትን የማወራው ለውሻው ነው።»

በማግስቱ ኦርቪል በመስኮቱ ሲያልፍ ሊዮና ጠራችው። አልጮኸችም። የአርሊስን ቃል እንዳለ በቅጽ ጀርባ ላይ ጽፋ ሰጠችው። ቆሞ አነበበው። አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተውና ሄደ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ወደ መስኮቱ ዝር አላለም። ሊዮና በሰው ትዳር ገባሁ ብላ እንቅልፍ አጣች።

ከዚያ አንድ ጠዋት ደረሰኝ ይዞ መጣ። ከሁለቱ ጆሮዎቹ ኋላ ቡናማ ነገር ተሰክቷል።

«እንዴት ነው ታዲያ?» አለችው በተራ ድምፅዋ፣ ጩኸቱን ረስታ።

ኦርቪል ወደ መስኮቱ ጠጋ አለ። «ድምፅሽ እንደዚህ ነው እንዴ? ሃያ ዓመት ሙሉ የምትቆጪኝ ነበር የሚመስለኝ።»

ሊዮና ደረሰኙን ተቀብላ ጎንበስ አለችበት።

ሂሳቡን ለፋብሪካው የሚያንቀሳቅሰው የውጭ ድርጅት ደረሰኙን መለሰው፤ ዋጋ እንጂ የተገዛው ዕቃና የታካሚው ስም አልተጻፈበትም ብሎ። መጋቢት ሊያልቅ ዘጠኝ ቀን ቀርቶታል። ሊዮና ወደ ጆሮ ሐኪሙ ቢሮ ራሷ ነድታ ሄደች፤ ዝርዝር ያለበትን ደረሰኝ በእጇ ተቀብላ በዚያው ቀን ላከችው። ኦርቪል ጡረታ ከመውጣቱ ሁለት ቀን በፊት ገንዘቡ ተመለሰ። የዓመት ባትሪውም ጭምር።

ፋብሪካው ከአራት ዓመት በኋላ ተዘጋ። ሊዮና ቀጥሎ በሠራችበት ቦታ ምን ይከፈላል፣ ምን አይከፈልም ብሎ የሚጠይቅ ሠራተኛ ስልክ ይደውል ነበር፤ የሚመልስለትም የተቀዳ ድምፅ ነበር። መልሱ ትክክል ነበር፤ እሷም ታውቃለች። ይሁን እንጂ ለዚያ ድምፅ የዓሣ ማጥመጃ ቦት ጫማ የሚያሳየው ሰው አልነበረም።

ባለፈው መኸር አርሊስን ሱፐርማርኬት ውስጥ አገኘቻት። ኦርቪል ደህና ነው፤ ሰማንያ ሊሞላው ነው።

«አሁንማ ወሬው በዝቶብኛል» አለች አርሊስ። «ቲማቲም እንዴት እንደሚተከል ሳይቀር ያስረዳኛል። እህቴ ስትመጣ ብቻ ሁለቱንም መስሚያ አውልቆ ኪሱ ይከታቸዋል።»

ሁለቱም በአትክልቱ መደርደሪያዎች መሃል ቆመው ሳቁ። ሊዮና ጋሪዋን እየገፋች ስትሄድ የምትገዛውን ረስታ፣ ዳቦ ብቻ ይዛ ወጣች።